የጉልበት መርፌ አልሠራልኝም ከማለታችሁ በፊት፦ መርፌው የት ነበር የገባው?

ባለፈው ጥር አክስቴ ከቢቸና ባሕር ዳር መጣች። ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ቀኝ ጉልበቷን አሳየችኝ። ከሎሚው ዝቅ ብሎ፣ በውስጥ በኩል፣ የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል ነጭ ነጥብ አለች። ቆዳውም እዚያች ላይ ትንሽ ሰርጎድ ብሏል። «ለምጽ ወጣብኝ መሰለኝ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ልጆቹ እንዳይሰሙ።

ለምጽ አልነበረም። ከአራት ወር በፊት አንድ ክሊኒክ ሄዳ ጉልበቷን መርፌ ተወግታ ነበር። ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ እግሯን አንጠልጥላ፣ ከፊት ለፊት ወጓት። ሁለት ሦስት ቀን ጠዘጠዛት፣ ከዚያ ህመሙ እንደ ድሮው ሆነ። እሷም «መርፌም አይረባ» ብላ ነገሩን ዘጋችው። በኋላ ያያት የአጥንት ሐኪም ነጥቧን በአውራ ጣቱ ዳበስ አደረገና፣ «እናቴ፣ መድኃኒቱ ጉልበትዎ ውስጥ የገባ አይመስለኝም፤ ቢያንስ የተወሰነው እዚሁ ቆዳው ሥር ቀርቷል» አላት።

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ጉልበት ላይ የተወጋ መርፌ ጉልበት ውስጥ ይገባል ብዬ ነበር የማስበው። ሌላ የት ይሄዳል? ለካ የሚሄድበት ብዙ ቦታ አለ። ሰሞኑን ደግሞ «ጄል ተወጋሁ»፣ «ኮርቲዞን ተወጋሁ» የሚል ሰው በየቤቱ ስለበዛ፣ የገባኝን ያህል ከሥሩ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፣ በሽታው ምንድን ነው?

እኛ ጋ ጉልበቱን ያመመው ሰው ሁሉ «ቁርጥማት ነው» ይባላል። ወይም «ብርድ ገብቶበት»። ዕድሜው ገፋ ካለ ደግሞ «ቅባቱ አልቆ»።

በግ ስትበልቱ የመገጣጠሚያው አጥንት ጫፍ ላይ ያለውን ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የሚያንሸራትት ሽፋን አይታችሁታል። ልም አጥንት የሚባለው እሱ ነው። የእኛም የጭን አጥንትና የቅልጥም አጥንት ጉልበት ላይ ሲገናኙ ጫፋቸው እንዲሁ የተለበጠ ነው። በዕድሜ፣ በክብደት፣ በድሮ ጉዳት፣ በከባድ ሸክም ብዛት ይህ ሽፋን እየሳሳ ይሄዳል። አጥንቱ በጠርዙ በኩል እሾህ ያወጣል፤ ጉልበቱን ከውስጥ የሸፈነው ስስ ገለፈት ይቆጣል፣ ያብጣል። ሐኪሞች ኦስቲዮአርትራይተስ የሚሉት ይህንን ነው። እህል ያልገባበት ወፍጮ ላይ መጁን ስትገፉት የሚሰማውን ድምፅ አስቡት፤ ጠዋት ከመደብ ሲነሱ ጉልበታቸው የሚንቋቋባቸው ሰዎች የሚሉት እሱኑ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ልም አጥንቱ ራሱ ነርቭ የለውም፣ ስለዚህ አያምም። የሚያመው የተቆጣው ገለፈት፣ ከሥር ያለው አጥንትና ዙሪያው ያሉት ጅማቶች ናቸው። «ቅባቱ አልቋል» የሚለውም ብዙ ጊዜ ልክ አይደለም። የተቆጣ ጉልበት እንዲያውም ፈሳሽ ያበዛል። ጉልበቱ ውሃ የቋጠረበት ሰው ያለው የሚበዛ ፈሳሽ ነው፤ ጥራቱ ግን ቀጥኗል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 528 ሚሊዮን ያህል ሰው ይህ የመገጣጠሚያ በሽታ ነበረበት፤ ከመገጣጠሚያ ሁሉ በብዛት የሚያዘውም ጉልበት ነው፣ 365 ሚሊዮን። ከታማሚዎቹ 60 በመቶው ሴቶች ናቸው። እንስራ አዝላ ዳገት የወጣች፣ ምድጃ ሥር ቁጢጥ ብላ ዕድሜዋን የጋገረች ሴት ባለችበት አገር ይሄ የሚገርም አይደለም።

ጉልበት ውስጥ የሚወጋው ምንድን ነው?

በመጀመሪያ ከቂጥ መርፌ እንለየው። ዲክሎፌናክ የሚባለውን የህመም ማስታገሻ ቂጣችሁ ላይ ስትወጉ መድኃኒቱ በደም ዞሮ መላ ሰውነትን ያዳርሳል። መርፌው አንድ ጣት ወዲህ ወይም ወዲያ ቢል ለመድኃኒቱ ልዩነት የለውም። የጉልበት መርፌ ግን ዋናው ሐሳቡ መድኃኒቱን እዚያው የተቆጣው ቦታ ላይ ማስቀመጥ ነው። ቦታውን ከሳተ ሐሳቡም አብሮ ሳተ ማለት ነው።

በብዛት የሚወጋው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሰው «ኮርቲዞን» የሚለው ስቴሮይድ ነው፣ ትራያምሲኖሎን ወይም ሜታይልፕረድኒሶሎን፣ ብዙ ጊዜ ከማደንዘዣ ጋር ተደባልቆ። ሥራው ቁጣውን ማብረድ ነው። አዲስ ነገርም አይደለም፤ ጆሴፍ ሆላንደር የሚባሉ አሜሪካዊ ሐኪም መገጣጠሚያ ውስጥ ሃይድሮኮርቲሶን መውጋታቸውን የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ሁለተኛው ጄሉ ነው፣ ሃያሉሮኒክ አሲድ። ጤነኛ የጉልበት ፈሳሽ ውስጥ በተፈጥሮ ያለ፣ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጭ የሚዝለገለግ ነገር ነው። ከገበያው አንዳንዱ የሚሠራው አውራ ዶሮ አናቱ ላይ ካለው ቀይ ሥጋ ነው፤ አክስቴ ይህን ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፣ ከዚያ «በጾም ነበር እኮ የተወጋሁት» አለች። እሷን የወጓት ስቴሮይድ ስለነበር ተረጋጋች።

ጉልበት ይሄን ያህል ትልቅ ሆኖ እንዴት ይሳታል?

እኔም ይሄንን ነው የጠየቅሁት። መልሱ የገባኝ ሐኪሙ «ባዶ አቅማዳ አስብ» ሲለኝ ነው።

እህል የሞላ አቅማዳ በየትም በኩል ብትወጉት መርፌው ውስጥ ይገባል። ባዶውን አቅማዳ ግን መሬት ላይ ጣሉት፤ ሁለቱ ግድግዳዎቹ ይጣበቃሉ። አሁን መርፌ ብትሰዱ ወይ ከላይኛው ቆዳ ሳያልፍ ይቀራል፣ ወይ ሁለቱንም በስቶ ሥሩ መሬቱ ጋ ይደርሳል። በሁለቱ መካከል ያለችውን ክፍተት ማግኘት ጥበብ ይጠይቃል። የጉልበት ከረጢትም እንዲሁ ነው። ጤነኛ ጉልበት ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። ጉልበቱ ውሃ ቋጥሮ ካበጠ ከረጢቱ የሞላ አቅማዳ ነው፣ መሳት ይከብዳል። ያላበጠ ከሆነ ግን ከረጢቱ ተጣብቆ ነው ያለው።

ሌላም አለ። ከሎሚው በታች፣ ከትልቁ ጅማት ጀርባ፣ የስብ ትራስ አለ። ቁጭ ብላችሁ፣ ጉልበት ታጥፎ፣ ከፊት ለፊት ስትወጉ መርፌው የሚያልፈው በዚህ ስብ ውስጥ ነው። ትንሽ አጠር ካለ መድኃኒቱ እዚያው ስቡ ውስጥ ይቀራል። ሰውዬው ወፍራም ከሆነ፣ ወይም በሽታው ቆይቶ አጥንቶቹ ከተጠጋጉ፣ ነገሩ የባሰ ይከብዳል።

ስንቱ ይሳታል? በምንስ ታወቀ?

ይሄኛው የሚገርመው ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት አለ። አንድ የአጥንት ቀዶ ሐኪም፣ ውሃ ያልቋጠሩ ጉልበቶች ላይ፣ ተከታታይ 240 መርፌ ወጋ። ሰማንያውን ከፊት በውጭ በኩል፣ ሰማንያውን ከፊት በውስጥ በኩል፣ የቀረውን ሰማንያ ደግሞ እግር ተዘርግቶ ከጎን፣ በሎሚው መካከል ትይዩ፣ በውጭ በኩል። መርፌውን ካስገባ በኋላ በራጅ የሚታይ ቀለም ጨምሮ፣ ቀለሙ የት እንደሄደ በቀጥታ በስክሪን ታየ። ውስጥ ከገባ ቀለሙ አጥንቶቹን ተከትሎ ይሰራጫል፤ ከሳተ አንድ ቦታ ላይ እብጥ ብሎ ይቀራል።

ውጤቱ? ከፊት በውጭ በኩል ከተወጉት የገባው 71 በመቶ፣ ከፊት በውስጥ በኩል 75 በመቶ፣ ከጎን ግን 93 በመቶ። ሰውዬው ያው ነው፣ እጁም ያው ነው። የተለወጠው የገባበት በር ነው። ከፊት ሲወጋ፣ ልምድ ያለው ሐኪም እንኳ፣ ከአራቱ አንዱን ያህል ስቷል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። «መርፌው አልረዳኝም» ከሚሉት ሰዎች ውስጥ ስንቱ ጭራሽ አልተወጋም ይሆን? ለመስኖ የለቀቃችሁት ውሃ ከቦዩ ወጥቶ መንገድ ላይ ፈስሶ «ውሃ ለሽንኩርት አይረባም» እንደማለት ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን ግን፣ ተቀምጦ ከፊት መወጋት ስህተት አይደለም። እግሩን መዘርጋት የማይችል ሰው አለ፣ ለሱ የሚቀለው እሱ ነው። ብዙ ሐኪምም በዚያ መንገድ ተምሮ ጥሩ አድርጎ ይወጋል።

ሐኪሙ ውስጥ መግባቱን በምን ያውቃል?

በጣም አስተማማኙ ፈሳሽ መሳብ ነው። አክስቴ ሁለተኛ ጊዜ ስትወጋ ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ፣ ስለዚህ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሐኪሙ «እናቴ፣ ጋደም ይበሉ» አላት። ከቋንጃዋ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አደረገ፣ ጉልበቷ ትንሽ ብቻ እንዲያጥፍ። በግራ እጁ ሎሚውን ከውስጥ ወደ ውጭ ገፋ አደረገው፤ ያን ጊዜ በሎሚውና በጭን አጥንቱ መካከል ያለው ክፍተት በውጭ በኩል ከፈት ይላል። በጥፍሩ ቆዳው ላይ ምልክት አደረገ። አልኮል ቀባ፣ እስኪደርቅ ጠበቀ። ይህቺን መጠበቅ ብዙዎቹ ይዘሏታል፤ አልኮል የሚሠራው ሲደርቅ ነው። ከዚያ መርፌው ከጎን፣ ከሎሚው ሥር ገባ።

ወዲያው መድኃኒቱን አልገፋም። መጀመሪያ ሳበ። ሲሪንጁ ውስጥ ቢጫ ያለ፣ ጥርት ያለ ፈሳሽ መጣ፣ ልክ ብርዝ ይመስላል። ሃያ ሚሊ ሊትር ያህል ቀዳ። «አየህ፣ ውስጥ ነን» አለኝ። መርፌውን ሳይነቅል ሲሪንጁን ብቻ ቀይሮ መድኃኒቱን ሰጠ።

ያ ፈሳሽ ሌላም ነገር ይናገራል። እንደ ብርዝ ጥርት ካለ ደህና ነው። እንደ ጉሽ ጠላ ከደፈረሰ ግን ሐኪሙ መድኃኒቱን መስጠት የለበትም፣ ፈሳሹ መጀመሪያ ላብራቶሪ መሄድ አለበት። ደፍርሶ የሚመጣ ፈሳሽ መግል ሊሆን ይችላል፤ ጀርም ያለበት ጉልበት ላይ ስቴሮይድ መጨመር እሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ ነው።

ፈሳሽ ካልተገኘስ? ያኔ የሚቀረው የእጅ ስሜት ነው። መርፌው ከረጢቱ ውስጥ ከሆነ መድኃኒቱ ያለ ትግል ይፈሳል፤ አውራ ጣት የሚታገል ከሆነ ጅማት ወይም ሌላ ሥጋ ውስጥ ነው፣ መመለስና አቅጣጫ ማስተካከል ያስፈልጋል። ችግሩ ስብም ለስላሳ ነው። ስብ ውስጥም መድኃኒት ብዙ ሳይታገል ሊፈስ ይችላል። ስለዚህ የእጅ ስሜት ብቻውን አያስተማምንም።

አልትራሳውንድስ?

አልትራሳውንድ እኛ ጋ የእርጉዝ ሴት መሣሪያ ብቻ ነው የሚመስለው። ግን ቀረብ ያለ ነገር የሚያሳየውን፣ ቆዳ ላይ የሚያርፈውን መዳሰሻ ከገጠሙለት፣ ጉልበት ውስጥ ያለውን ከረጢት፣ ፈሳሹን፣ የመርፌውን ጫፍ ሳይቀር በስክሪን ያሳያል። ሐኪሙ እያየ ይወጋል። ጨረር የለውም፣ አያምም።

ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የደመረ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ግምገማ፣ በአልትራሳውንድ ሲወጋ ከ95 በመቶ በላይ፣ በእጅ ዳሰሳ ብቻ ሲወጋ ደግሞ 78 በመቶ ገደማ በትክክል እንደሚገባ አስልቷል። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

ታዲያ አልትራሳውንድ ከሌለ አትወጉ ማለት ነው? አይደለም። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ፣ ማለትም የመገጣጠሚያ በሽታ ሐኪሞች ማኅበር፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ የዳሌ መገጣጠሚያ ሲወጋ በምስል መታገዝ አለበት ብሎ አጥብቆ ይናገራል፤ ለጉልበት ግን ካለ ይረዳል፣ ግዴታ አይደለም ነው የሚለው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዳሌ ጥልቅ ነው፣ ትልልቅ የደም ሥርና ነርቭ ጎኑ አሉ። ጉልበት ቆዳው ሥር ነው፣ በጣት ይዳሰሳል። ያበጠ ጉልበት ላይ፣ የለመደ እጅ፣ ከጎን ሲወጋ ያለ ስክሪንም ጥሩ ይሄዳል። አልትራሳውንድ ይበልጥ የሚያስፈልገው ላላበጠ ጉልበት፣ ለወፍራም ሰውና አንድ ጊዜ ተወግቶ ላልረዳው ነው። መሣሪያው ብቻውንም ምንም አይደለም። አሠራሩን ያልተማረ ሰው እጅ ላይ ቴሌቪዥን ነው።

ቢስት ምን ይሆናል?

አብዛኛውን ጊዜ የከፋ ነገር አይመጣም፣ መድኃኒቱ ባክኖ ይቀራል፣ ህመሙ አይቀንስም፣ ገንዘቡ ይሄዳል። ስቴሮይዱ ቆዳ ሥር ከቀረ ግን ከሥር ያለውን ስብ ያሟሟዋል፣ የቆዳውን ቀለም ያነጣዋል። የአክስቴ ነጥብ ይሄው ነው። ጥቁር ቆዳ ላይ ጎልቶ ስለሚታይ ሰው ለምጽ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ ቀለሙ ይመለሳል። ጅማት ውስጥ ከገባ ደግሞ ጅማቱን ሊያዳክም ይችላል፣ ይሄ ከበድ ያለ ነው። ጄሉ ከከረጢቱ ውጭ ከቀረ የተወጋው ቦታ ለቀናት ሊያምና ሊያብጥ ይችላል።

በትክክል ከገባስ፣ እድናለሁ ማለት ነው?

አይደለም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ አንዳንድ ወጊም ቢሆን ነገሩን አድበስብሶ የሚያልፈው።

ስቴሮይድ በትክክል ሲገባ የሚሰጠው እፎይታ በሳምንታት የሚቆጠር ነው። አንዱን አራት ሳምንት፣ አንዱን ሁለት ወር፣ አንዱን ምንም። የሳሳውን ልም አጥንት መልሶ አያበቅልም። ይህን የሚያደርግ መርፌ እስከ ዛሬ የለም፣ አለ ያላችሁ ሰው ካለ ኪሳችሁን ያዙ።

እንዲያውም ደጋግሞ መወጋት ሌላ ጥያቄ አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት 140 ሰዎችን ሁለት ቦታ ከፈለ። ግማሹ በየ12 ሳምንቱ 40 ሚሊ ግራም ትራያምሲኖሎን፣ ግማሹ ንጹሕ የጨው ውሃ፣ ለሁለት ዓመት ተወጉ። በመጨረሻ ሲለካ የሁለቱም ህመም ቀንሷል፣ በመካከላቸው ግን ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። ልም አጥንቱ ግን ስቴሮይድ በተወጉት ላይ ይበልጥ ሳስቷል፦ 0.21 ሚሊ ሜትር በ0.10። ልዩነቱ ከፀጉር ውፍረት ብዙም አይርቅም፤ ግን አቅጣጫው ደስ አይልም። ህመሙ የተለካው በየሦስት ወሩ ስለነበር የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እፎይታ አልፎት ሊሆን ይችላል፣ ይሄንንም ማለት ተገቢ ነው። በአሠራር ደረጃ ሐኪሞች አንድን ጉልበት ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ደግመው አይወጉም።

የጨው ውሃ የተወጉትም ቀሏቸዋል፣ ልብ አላችሁ? የመወጋት ሥርዓቱ፣ የሐኪሙ ነጭ ጋውን፣ ተስፋው፣ ራሱ ህመም ይቀንሳል። ለዚህ ነው «መርፌው በትክክል መግባቱ» ተረጋግጦ ሳለ «ስለዚህ ህመሙ የዚያን ያህል ቀነሰ» የሚለው ከጥናት ጥናት የሚለያየው። የመርፌውን ጫፍ ቦታ ማረጋገጥ ይቻላል። ህመም ግን በራጅ አይታይም።

ጄሉስ? እ.ኤ.አ. በ2022 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣ ትልቅ ግምገማ መድኃኒት ከሌለበት መርፌ ጋር ሲነጻጸር ጥቅሙ ታማሚው ልብ ሊለው የማይችል ያህል ትንሽ ነው ብሏል። የ2019ኙ የአሜሪካ መመሪያም ለጉልበት አይመክረውም። ዋጋው ደግሞ ከስቴሮይዱ ብዙ እጥፍ ነው። በሬ ሸጣችሁ ጄል ከመወጋታችሁ በፊት ይሄን እወቁ።

ታዲያ ከመርፌ የሚሻል ምን አለ?

ስሙት፣ ሰው የማይወደው መልስ ነው፦ እንቅስቃሴ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት 156 የጉልበት ታማሚዎችን ግማሹን ስቴሮይድ ወጋ፣ ግማሹን ፊዚዮቴራፒ አሠራ። የህመምና የመቸገር ነጥቡ ከ240 የሚለካ ነው፣ ሲበዛ የባሰ። ሁለቱም ሲጀምሩ ከ100 በላይ ነበሩ። ከዓመት በኋላ የተወጉት 55.8፣ እንቅስቃሴ የሠሩት 37 ላይ ደረሱ።

ጂም አያስፈልግም። አክስቴ ያስተማሯት ሁለት ነገር ነው። አንዱ፣ እግር ዘርግቶ ቋንጃ ሥር ፎጣ አድርጎ፣ ፎጣውን በጉልበት ወደ ታች ተጭኖ እስከ አምስት መቁጠር። ሌላው፣ እጅ ሳይደገፉ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ። የጭን ጡንቻ ሲጠነክር ጉልበቱ ላይ የሚያርፈውን ይካፈላል። ክብደትም አለ፦ ከሰውነት አንድ ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ይቀንሳል።

ከዘራ የምትይዙ ደግሞ፣ በሚያመው እግር በኩል ነው የምትይዙት አይደል? ተሳስታችኋል። በማያመው በኩል ያዙት። ቀኝ ጉልበት ካመመ ከዘራው ግራ እጅ ላይ ይሁን። ይሄንን አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል።

ታዲያ መርፌው ለማን ነው? ህመሙ ብሶ እንቅልፍ ለነሳው፣ ጉልበቱ አብጦ እንቅስቃሴውን መጀመር ላቃተው። መንገዱን ይከፍታል። መንገዱን መሄድ የእግር ሥራ ነው።

ከመወጋቴ በፊት ሐኪሙን ምን ልጠይቅ?

ጠያቂ ታማሚ አስቸጋሪ ታማሚ አይደለም። የሚወጋው መድኃኒት ስሙ ምንድን ነው፣ ስንት ሚሊ ግራም፣ ብላችሁ ጠይቁና ወረቀት ላይ አጽፉ። አክስቴ የመጀመሪያው መርፌ ምን እንደነበር የምታውቀው «ነጭ ነው» ብላ ብቻ ነበር። ስንተኛ ጊዜዬ ነው፣ ከየት በኩል ነው የምትወጋኝ፣ ፈሳሽ ትስባለህ ወይ፣ አልትራሳውንድ ቢኖር ይሻለኛል ወይ ማለትም ነውር የለውም። እናንተም አትደብቁ። ስኳር ካለባችሁ ተናገሩ፣ ስቴሮይዱ ጉልበት ውስጥ ቢገባም ጥቂቱ ወደ ደም ይሄዳልና ስኳርን ለቀናት ከፍ ያደርጋል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱም እንደዚያው። ትኩሳት ካለ፣ ወይም ጉልበቱ ላይ ቁስል ካለ፣ በዚያ ቀን መወጋት አይገባም። ጉልበት የማስቀየር ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ያለው ሰውም፣ በፊት ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ መወጋት ጀርም የመግባቱን ዕድል ስለሚጨምር መቆጠብ አለበት።

ከተወጋሁ በኋላስ?

አንድ ሁለት ቀን ረፍት። ዳገት፣ ሸክም፣ ረጅም መንገድ ይቅር። ሁዳዴ ላይ ከሆነ ስግደቱን ለነፍስ አባታችሁ ነግራችሁ ለጥቂት ቀን ተዉት። ለጠበልም ቀዳዳው እስኪደፈን ቢያንስ እስከ ማግሥቱ ጠብቁ። ወጌሻ ጋ ሄዳችሁ አታሹት። በመጀመሪያው ሌሊት ህመሙ ጨመር ሊል ይችላል፣ በረዶ ወይም በቀዝቃዛ ውሃ የነከረ ጨርቅ ያስታግሰዋል፣ በሁለት ሦስት ቀን ይጠፋል።

የማይጠፋ፣ ይልቁንም እየባሰ የሚሄድ፣ ጉልበቱ የሚግል፣ የሚቀላ፣ ትኩሳት የሚያመጣ ከሆነ ግን ነገ የሚባል የለም። ያን ዕለት ሆስፒታል ሂዱ። ከብዙ ሺህ መርፌ አንዱ ላይ የሚደርስ ነው፤ ሲደርስ ግን ጉልበቱን በቀናት ውስጥ ያበላሸዋል።

አክስቴ ሁለተኛው መርፌ እስከ ደብረ ዘይት በዓል ድረስ ያዘላት። ከዚያ ህመሙ ቀስ ብሎ ተመለሰ፣ የድሮውን ያህል ግን አይደለም፣ ፎጣዋን ስላልተወች። ነጭ ነጥቧም ከጠርዟ መጥቆር ጀምራለች። ባለፈው ሳምንት ስደውልላት ጎረቤቷ ልትወጋ እንደሆነ ነገረችኝ። «ታዲያ ምን አልሻት?» አልኳት።

«ተቀምጠሽ ነው ተኝተሽ የሚወጉሽ? አልኳታ።»